ለእንግዳ የማይነገር ስሞታ

ገሳይ
ነሐሴ 14 ቀን 2011 ዓ.ም.

የሆዴ ፍሬ ባዩ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? የኖርዌይ ብርድ ከጉናም ይብሳል ብለህ ነበርና ካፖርትህን አትጣል። ምንጫችን ተረፈችልን! ይህን ሳልነግርህ ሌላ ወሬ መጀመር አልሆነልኝም።

በግንቦት ከዩኒቨርሲቲው ጥናት የሚሠሩ ልጆች መጥተው ነበር። ሰዉ የአየሩ መለወጥ ያሰጋው እንደሆነ ሊያውቁ ነው። ስርጉት የምትባል የሐዋሳ ልጅ ቤት ለቤት እየዞረች ስለ ዝናቡም ስለ ምንጯም ጠየቀችን። ሁላችንም ተመስገን ነው አልናት። እኔማ ብሼ እግዜር መቼ ነሥቶን ያውቃል አልኳት። አንድ ጀሪካን እስኪሞላ ግን ሹሩባ ተሠርቶ ያልቅ ነበር።

በሰኔ መርዶው መጣ። ምንጭ በሲሚንቶ እየገነባ የሚያጎለብተው ድርጅት እኛን ትቶ ወደ ማዶ መንደር ሊሄድ ነው፤ በጥናቱ የዚህ ሰው ስለ አየሩ ስጋት የለበትም ተብሏል። ክው ብዬ ቀረሁ። ምንጯ ከደረቀች ሌላው ውሃ ያለው ገደሉ ሥር ነው።

ሐምሌ ገብቶ ዝናቡ ሲዘገይብን ምህላ ያዝን። መስቀሉን ተከትለን እግዚኦ እያልን ቤተ ክርስቲያኑን ስንዞር ስርጉት ለሌላ ጉዳይ መጥታ አየችን። ሲያበቃ ቄስ ይርጋን ቀረብ ብላ፣ "አባ፣ ሁሉ ደህና ነው አላላችሁኝም ነበር?" አለቻቸው።

"ልጄ፣ እግዜርን በእንግዳ ፊት አናማም" አሏት። "ስሞታችንን ለራሱ ነው የምንነግረው።"

ልጅቷ ለእሷም እንዲነገራት ለመነቻቸው። እሳቸውም እውነቱን መናገር ሐሜት አይሆንባችሁም ብለው ፈቀዱልን። አቤት የሰዉ አፍ አከፋፈት! ጎረቤታችን ታንጉት ውርጭ ስለፈጀው ገብሷ ጀምራ እስኪመሽ አላቆመችም።

እዚያ ያሉት ወጣቶች ስለ አየሩ ሰልፍ ሲወጡ የኛ ሰው ግን ግድ የለውም ብለህ አዝነህ ጽፈህልኝ ነበር። የኛ ሰልፍ ምህላ ነው ልጄ፤ መፈክራችንም እግዚኦ ነው። የምንጮኸው ወደ ላይ ስለሆነ ነው ሳትሰማን የቀረኸው።

ስርጉት የሰማችውን ይዛ ሄዳ ስትሟገትልን ከረመች። ባለፈው ሳምንት ሲሚንቶው ተራገፈ። ከምንጯ በላይ ያለው ተዳፋት ተከልሎ ወይራና ኮሶ እየተተከለበት ነው፤ ፍየሎቹ ብቻ አኩርፈዋል። ዝናቡም ገብቷል፣ ተመስገን። ይኸኛው ተመስገን የእውነቱ ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ፤ አፌ ከተከፈተ አይቀር አንተንም ልንገርህ። ከፋሲካ ወዲህ ጉልበቴ ቁልቁለት አያስወርደኝም። ገደሉ ድረስ ውረጂ ብባል ኖሮ ቤቱን ዘግቼ እህቴ ዘንድ ልገባ ነበር። ቤቱን መዝጋት ያልፈለግሁት አንድ ቀን ትመጣለህ ብዬ ነው።

የአባቶችህ አምላክ በሰው አገር ሞገስ ይሁንህ። ክፉ አይይህ።

እናትህ ፈንታነሽ