በሶፋ ቤታቸው ሙዚቃ ሲያስደምጡ የኖሩት የጋሽ ጆሮ የሕይወት ታሪክ

አጎቴ ጋሽ ጆሮ ከከባድ መኪና ሾፌር አባታቸውና ከአዋላጅ ነርስ እናታቸው በ1948 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ጠባብ ቤት ተወለዱ። አባታቸው ከመንገድ ሲመለሱ የሙዚቃ ሸክላ ይዘው ይመጡ ነበር፤ መኪናው ሲያንገጫግጨው የተሰነጠቀውን ሳይቀር እሳቸው በልጅነታቸው እየደጋገሙ ያደምጡ ነበር።

እስከ አስራ ሁለተኛ ክፍል ተምረው ሙያ ከአንድ ሶፋ ሰሪ ቀሰሙ። በ1973 ዓ.ም. የራሳቸውን ሶፋ ቤት ከፈቱ። ከሰው መስኮት አዲስ ዜማ ከሰሙ መዶሻቸውን እንደያዙ መንገድ ላይ ቆመው ስለሚቀሩ ሰፈሩ ጋሽ ጆሮ አላቸው።

ቅዳሜ ከሰዓት የስፖንጅ ቁርጥራጩን ጠርገው፣ ገና ስም ያላወጡ ተጫዋቾችን ይጋብዙ ነበር። ጃዝ የሚነፋ የሆቴል አስተናጋጅ፣ ቫዮሊን የምትጫወት የጥርስ ሐኪም፣ ራፕ የሚሉ ጎረምሶች ሁሉ እዚያ ተደምጠዋል። ማይክ አይወዱም። «ትንፋሹን ካልሰማሁ ምኑን ሰማሁት?» ይሉ ነበር። አድማጭ የሚቀመጠው ደንበኞች ባዘዙት ሶፋ ላይ ነበርና አንዲት ሴትዮ «አዲስ አዝዤ የሞቀ ሶፋ ትሰጠኛለህ?» ብለው የተቆጡት እስከዛሬ ያስቃል።

በ1977 ዓ.ም. መምህርት ባለቤታቸውን አግብተው ሴትና ወንድ ልጅ ወለዱ። ወንዱ ጊታር ያዘ። ሶፋ ቤቱ ውስጥ ልጫወት ብሎ ሲለምናቸው ግን «ገና ነህ። ስትደርስ እኔው እጠራሃለሁ» አሉት። ባለቤታቸው «ለማንም የከፈትከውን በር ለልጅህ ትዘጋለህ?» ብለው ቢማጸኑም፣ «አላዳላም» አሉ። ዳግመኛ እምቢ ሲሉት ልጁ ጊታሩን አንግቦ ሌላ ከተማ ገባ፤ ስልካቸውንም ማንሳት ተወ።

ከዚያ በኋላ መስማታቸው እየደከመ ሄደ። ለማንም አልተናገሩም፤ የቅዳሜው ዝግጅት ብቻ ምክንያቱ ሳይገባን ቀረ። በ2011 ዓ.ም. ልጃቸው በአንዲት ትንሽ መጻሕፍት መደብር እንደሚጫወት ሴት ልጃቸው ስትነግራቸው ብቻቸውን በአውቶቡስ ሄዱ። ከኋላ ቆመው አይተውት፣ ሳያናግሩት ተመለሱ። ባለቤታቸው «እንዴት ነበር ታዲያ?» ቢሏቸው፣ «ምንም አልሰማሁ። ሰዉ ግን ንቅንቅ አላለም» አሉ።

ልጁ ይህን ከእናቱ የሰማው አምና፣ አባቱ በኩላሊት ሕመም ሆስፒታል ሲተኙ ነው። አልጋቸው አጠገብ ተቀምጦ «አባዬ፣ ለምን አላናገርከኝም?» አላቸው። ከንፈሩን አይተው ተረዱት።

«ምን ብዬ? አልሰማሁህም ልበልህ?»

ጋሽ ጆሮ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው የካቲት 14 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ68 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውና እኛ የእህታቸው ልጆች ቀርተናል። አምላክ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበል፤ ለልጃቸውም እኛ ልንሰጠው ያልቻልነውን መጽናናት ይስጥልን። አሜን።