የእትዬ ማነጻጸሪያ የሕይወት ታሪክ

መምህርት እህታችን ከልብስ ሰፊ አባታችንና ከአዋላጅ እናታችን፣ ከዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሩብ ሰዓት ዘግይተው ተወለዱ። መንታ ነን። በሕይወት ሳሉ አንቺ ነበር የምላቸው፤ ዛሬ ወጉ ነውና አንቱ እላቸዋለሁ፤ ቢሰሙኝ በሳቅ ይፈርሱ ነበር። እናታችን የተዘጋጁት ለአንድ ልጅ ብቻ ስለነበር አዲሱ ልብስ ለእኔ ሆነ፣ እሳቸው በአባታችን አሮጌ ሸሚዝ ተጠቀለሉ። የኋላው ነገራቸው ከዚያው የጀመረ ይመስለኛል።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራችን ትምህርት ቤት ተከታተሉ። ከዚያም በሒሳብ ተመርቀው በሃያ ሦስት ዓመታቸው መምህርት ሆኑ። ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ሲገባለት የሚያስተምር ሰው ጠፋና፣ ሒሳብ ካወቁ ይኼም አያቅታቸውም ተብለው ተመደቡ።

ወዲያው ተመራማሪዎች መጉረፍ ጀመሩ። ልጆች ኮምፒውተርን በምን ዘዴ ቢማሩ እንደሚሻል ለማወቅ አንዱን ክፍል በአዲስ ዘዴ፣ ሌላውን፣ «ማነጻጸሪያ» የሚሉትን፣ በነበረው ያስተምሩና ውጤቱን ያነጻጽራሉ። አዲሱ ለማን እንደሚደርስ የሚለየው በዕጣ ነው። እህታችን ያችን ዕጣ እንደጓጉላት ለሌላ ነገር አልጓጉም፤ ዕጣዋ ግን እምቢ አለቻቸው። በስክሪን ላይ ያለችን ኤሊ ቀኝ ዙሪ፣ ግራ ዙሪ እያሉ በማዘዝ መማር መጣ፤ ኤሊዋ ለጎረቤት ክፍል ደረሰች። ቀጥሎ ባለ ቀለም ብሎኮችን በስክሪን ላይ መገጣጠም ፋሽን ሆነ፤ ብሎኮቹም ለጎረቤት። ከዚያ ሮቦት መጣ። የጎረቤት ክፍል ሮቦት በኮሪደሩ ሲያልፍ ተማሪዎቻቸው በመስኮት ተንጠልጥለው ያዩት ነበር፤ እሳቸውም አብረው። በዚህ ጊዜ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ «እትዬ ማነጻጸሪያ» ብሎ ስም አወጣላቸው፣ ስሙም ጸና።

ያለ ዕጣ የመረጧቸው ሬዲዮ ጠጋኙ ባለቤታቸው ብቻ ነበሩ። አንዲት ሴት ልጅም ወለዱ። ልጅቱ ከሰው ሁሉ መርጣ የወደደችው ያንኑ ሮቦቱን ያመጣውን ተመራማሪ ነው። ለጋብቻ ሊጠይቃት ቤት በመጣ ዕለት እህታችን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና፣ «እሺ፣ ውሰዳት፤ ልጄን ግን ማነጻጸሪያ እንዳታደርግብኝ» አሉት።

ጡረታ ሊወጡ ዓመት ሲቀራቸው የምርምሩ ነፋስ ዞረ። የኮምፒውተርን አሠራር ያለ ኮምፒውተር፣ በካርድ፣ በገመድና በጠመኔ ማስተማር አዲስ ግኝት ተባለ። ዕጣው ወጣላቸው! አዲስ ቀሚስ አሰፍተው ለሥልጠናው ከፊት ወንበር ተቀመጡ። ዓመቱ ሲያልቅ ውጤቱ መጣ፤ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ልዩነት አልታየም። ሳምንት ሙሉ አኮረፉ። ማንን እንዳኮረፉ ግን እስከ ዛሬ አላወቅንም።

ከጡረታ በኋላ ኩላሊታቸውን ታመሙ። ሐኪማቸው አዲስ መድኃኒት የሚሞከርበት ጥናት ውስጥ ይገቡ እንደሆነ ጠየቋቸው፤ አዲሱና የነበረው የሚታደለው በዕጣ ነው። እኔ አዲሱ እንዲደርሳቸው አጥብቄ ጸለይኩ። እሳቸው፣ «አዲሱ ለሌላ ሰው ይሁን፤ የነበረውን የሚይዝ ከሌለ አዲሱ መሻሉ በምን ይታወቃል?» አሉ። ሐኪሙ መምረጥ እንደማይቻል ሲነግሯቸው፣ «ዕጣማ እኔን ታውቀኛለች» ብለው ፈረሙ። የትኛው እንደደረሳቸው ጥናቱ ሳያልቅ አይነገርም። እሳቸው ግን ክኒኑን በዋጡ ቁጥር፣ «የድሮው ነው፤ ጣዕሙ ይታወቃል» ይሉ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ፣ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ አማቻቸውንና ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። እኔንም። ስንወለድ አዲሱን ልብስ ወስጄባቸዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ግን በደግነት ከእሳቸው ጋር ተነጻጽሬ አንድም ቀን አሸንፌ አላውቅም። አሁን የምነጻጸረው ሰው የለኝም።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ዕጣ ሳይጥል፣ በቀጥታ ከደጋጎቹ ክፍል ያስገባልን።