በሁለተኛው ካሴት ላይ እንዳይዘፈን

ለቀበሌያችን ሊቀመንበር ለጓድ አሻግሬ ከበደ
ግልባጭ፦ ይህን የግድግዳ ጋዜጣ ቆሞ ለሚያነብ ሁሉ
ሐይቅ፣ ሰኔ 12 ቀን 1981 ዓ.ም.

የተከበሩ ጓድ ሊቀመንበር፤

«በአዳራሹ መድረክ ላይ በዳንቴል ተሸፍኖ የተቀመጠው ነገር ምንድን ነው?» ብሎ ያልጠየቀ የሐይቅ ሰው ይኖራል ብዬ አላምንም። አንዱ አዲስ ዓይነት የልብስ ስፌት መኪና ነው ይላል፤ ሌላው ግራ ቀኙን አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከጠላት ጋር መነጋገሪያ ነው ይላል። ዕቃው የእኔ ስለሆነ መልሱን እኔ ልስጥ ብዬ ተደፋፍሬአለሁ። አስቀድሜ ግን እንዴት ሰነበቱ እያልኩ፣ ጤናዎ እንደ ሐይቃችን ውኃ የረጋ እንዲሆን፣ እንቅልፍዎም እንደ እኔ እንቅልፍ እንዳይቆራረጥ እመኛለሁ።

ነገሩ ኮምፒዩተር ይባላል። ምሥራቅ ጀርመን ስታቲስቲክስ ስማር ከቀለቤ ቆጥቤ የገዛሁት፣ በሰው ቤት ጠረጴዛ ላይ ለመሥራት የታሰበ ትንሽ መሣሪያ ነው። ፊደሉ እንደ ታይፕ ይመታል፣ የተመታው በቴሌቪዥን ይታያል፣ የታየውም ሁላችን ዘፈን በምንሰማበት ተራ ካሴት ላይ ይቀመጣል።

እኔ ያስቀመጥኩት የሰው ስም ነው። በሰባ ሰባት ድርቅ እናት በአንድ መኪና፣ ልጅ በሌላ መኪና ሆነው የተለያዩትን እርስዎም ያውቃሉ፤ መጠለያው እዚሁ ነበርና። በመጀመሪያው ካሴት ላይ ከከተማችንና ከአምባሰል ቀበሌዎች ልጃቸውን የሚፈልጉትን መዘገብኩ። በሁለተኛው ላይ ደግሞ የተገኙ ልጆችን፦ ለግሸን ንግሥ የሚመጣው ሰው ውጫሌ ላይ ከአውቶቡስ ሲወርድ፣ ከሰፈራ የተመለሰውም በመንገድ ሲያልፍ፣ «እንዲህ የምትባል ልጅ እዚህ ቦታ እነእገሌ ቤት አይቻለሁ» ያለኝን ሁሉ። መሣሪያው ሁለቱን ያመሳክራል። እስከ ሚያዝያ ድረስ አሥራ አንድ ልጆች ቤታቸውን አግኝተዋል።

ከዚያ ከጓዶቹ አንዱ ካሴቱን በተራ ቴፕ ከፍቶ ሰማው። ጮኸበት። ስም በዚህ መሣሪያ ሲጻፍ ድምፁ ጩኸት ነው፤ እንደ ፉጨትም፣ ቆርቆሮ ሲፋቅ እንደሚሰማውም ያለ። ጩኸቱ የጠላት ምሥጢር ነው ተባለ፣ ዕቃው ሁሉ በጆንያ ተወሰደ፣ እኔም ሦስት ጊዜ ተጠርቼ ቃሌን ሰጠሁ። ቀበሌው ንብረቴን በአደራ በያዘበት በዚህ ሁለት ወር ያደረገለትን እንክብካቤ ግን ምሥጋና ሳላቀርብ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል።

፩ኛ/ ስለ ዳንቴሉ አመሰግናለሁ። ለላብ አደሮች ቀን እንግዳ እንዲያየው ከጧት እስከ ማታ ሲበራ ውሎ፣ ሳይጠፋ ዳንቴል ለብሶ፣ በላዩ ላይ ውኃ የሞላ የአበባ ማስቀመጫ ተደርጎለታል። በጀርባው ያሉት ስንጥቆች ለጌጥ የተሠሩ መስለው ታይተው ይሆናል፤ የሚተነፍሰው በእነርሱ ነበር። ሲሠራ ይግላል፣ ሲግል ነፋስ ይፈልጋል። ክብር የለበሰ በሐምሌ እንኳ ያልበዋል፤ ኮምፒዩተር ደግሞ ከክብር ይልቅ አየር ይወዳል። ዳንቴል ጠፍቶ ለተቀመጠ ዕቃ ደግ ነው፣ አቧራ ይከለክላል። የአበባው ውኃ ግን ጠፍቶም በርቶም አይስማማውም።

፪ኛ/ የቀበሌው ጥበቃ ጋሽ አስረስ ጠመንጃቸውን በሚወለውሉበት ዘይት ፊደሎቹን አንድ በአንድ ወልውለውልኛል። በመንገድ ሲያገኙኝ ደስ ብሏቸው «ይኸው እንደ መስተዋት አብርቼልሻለሁ፣ ዝገት አይነካው፣ አብሽሪ!» አሉኝ፤ ከልባቸው ነው፣ እኔም እጃቸውን ስሜ አለፍኩ። ዘይት ለጠመንጃ ነው። ፊደል ላይ አቧራ ይለጥፋል፣ «ለ» የተመታው ተጣብቆ «ለለለለ» ሲል ይውላል። ለስላሳ ደረቅ ጨርቅና ትንሽ የቀለም ብሩሽ ይበቃ ነበር። አሁንም ቢሆን እባክዎ ማንም በላዩ ላይ ናፍታ አይጨምርበት።

፫ኛ/ ሰማይ ሲያጓራ ገመዱን ከግድግዳ መንቀል እንደሚገባ በመጀመሪያው ቀን ለጓድ ጸሐፊ በጽሑፍ አመልክቼ ነበር። ማመልከቻዬ ቁጥር ተሰጥቶት በፋይል ተቀምጧል፤ ገመዱም በግድግዳው ላይ ተሰክቶ ተቀምጧል። የሰማሁትን መጀመሪያ የጫርኩባቸው ደብተሮች ግን፣ ምሥጢር የለባቸውም ተብለው፣ ለዓሣ ሻጮች መጠቅለያ ተሰጥተዋል። ምሥጢር እንደሌለባቸው በመረጋገጡ ደስ ብሎኛል። ባለፈው ሳምንት እናቴ የገዛችው ዓሣ በእኔው እጅ ጽሑፍ ተጠቅልሎ ቤቴ ድረስ መጣልኝ፤ ቀለሙ ርሶ ስሙ አይነበብም ነበር።

፬ኛ/ ስለ ካሴቶቹ። በስህተት ሌላ ነገር እንዳይቀዳባቸው ብዬ በጀርባቸው ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ሰብሬ ነበር፤ ጥርሱ የተሰበረ ካሴት አልቀዳም ይላል። የኪነት ቡድናችን መሪ ጓድ ሙሉጌታ ግን የተበላሸ መስሎት፣ አላህ ይስጠው፣ ቀዳዳውን በቁስል ፕላስተር ጠግኖ በመጀመሪያው ካሴት ላይ ሰባት ዘፈን በአምባሰል ቅኝት ቀዳበት። ሰምቼዋለሁ። ክራሩ ግሩም ነው። በሦስተኛውና በአራተኛው ዘፈን መካከል፣ ሳይነካ የቀረ፣ የአንድ ትንፋሽ ያህል የእኔ ጩኸት ይሰማል። የሦስት ወይም የአራት እናቶች ስም ይሆናል፤ የየትኞቹ እንደሆኑ ግን ከእንግዲህ አይታወቅም።

፭ኛው ጥፋት የእኔ ነው፤ ግለ ሂስ ደንባችን ነውና አልደብቅም። የተማርነው የመጀመሪያ ነገር የጻፍከውን ሁለት አድርገህ፣ አንዱን በሌላ ሰው ቤት አስቀምጥ የሚል ነበር። እኔ ነገ ዛሬ ስል፣ ባዶ ካሴት ሲገኝ ስል፣ ሁሉንም በአንድ መሳቢያ ውስጥ አኖርኩ። ጆንያው የመጣ ዕለት አንድ መሳቢያ ብቻ መክፈት በቃው።

አሁን ወደ ቸኮልኩበት ነገር ልምጣ። ለመስከረም ሁለት በዓል የሚሆኑት ዘፈኖች የፊታችን ቅዳሜ በአዳራሹ እንደሚቀዱ በድምፅ ማጉያ ተነግሯል፤ የሚቀዱበትም የእኔ ሁለተኛው ካሴት መሆኑን ከቡድኑ ልጆች ሰምቻለሁ። ፕላስተሩ ተለጥፎ አልቋል።

ጓድ ሊቀመንበር፣ የመጀመሪያው ካሴት ይተካል። ፈላጊዎቹ እዚሁ ናቸው፤ ጠርቼ እንደገና እመዘግባቸዋለሁ። ሁለተኛውን የሞሉት ሰዎች ግን ተሳፍረው ሄደዋል፤ ስማቸውን እንኳ የማላውቀው ይበዛሉ።

እትዬ ስህንን ያውቋቸዋል። ልጃቸው ለተብርሃን በአምስት ዓመቷ ከመጠለያው ጠፋች፤ በግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አለባት። ዕቃው ከመወሰዱ በፊት በነበረው ቀን አንድ ከሰፈራ የተመለሰ ሰው በቅንድቧ ላይ ጠባሳ ያለባት፣ ሐይቅን የምታስታውስ ልጅ አይቻለሁ አለኝ። ከሌሎች አርባ ስሞች ጋር መትቼ በካሴቱ አስቀመጥኩት፣ በማግሥቱ ላመሳክር። በማግሥቱ እናንተ መጣችሁ። ጠባሳውን አስታውሳለሁ። የሰፈራው ጣቢያ ስም ግን፣ በዚያ ቀን ከነገሩኝ ሦስቱ በአፌ ይመላለሳሉ፤ የትኛው እንደሆነ መማል አልችልም። እትዬ ስህን በየገበያው ቀን ይመጡና «ሣጥኗ ያወቀችውን አንቺ እንዴት ትረሺዋለሽ፣ የኔ ዓለም?» ይሉኛል። 

ስለዚህ ከእርስዎ የምለምነው የሁለት ሰዓት ጊዜ ብቻ ነው። ቅዳሜ ጧት በሦስት ሰዓት፣ ቀረጻው ሳይጀመር፣ ዳንቴሉ ይነሣ፣ መሣሪያው ይብራ፣ እኔም በእርስዎና በመላው ነዋሪ ፊት ሁለተኛውን ካሴት ልክፈት። ጩኸቱ ገብቶ ስም ሆኖ ሲወጣ እርስዎ ራስዎ ጮክ ብለው ያንብቡት። ከልጅ ስም፣ ከአባት ስም፣ ከመለያ ምልክት፣ ከትውልድ ቀዬና ከተገኘበት ቦታ ሌላ አንዲት ቃል ከተገኘች፣ ከአዳራሹ ወደሚልኩኝ ቦታ እሄዳለሁ። አባቴ «ጎመን በጤና፣ አንቺ ልጅ! ወረቀት ላይ የሰፈረ ነገር አይመለስም» እያለ ነው ይህን የጻፍኩት። እውነቱን ነው፤ ስለዚህም ነው በወረቀት ያደረግኩት።

ይህን ቆማችሁ የምታነቡም፣ እባካችሁ ቅዳሜ ኑ። ፊደል የቆጠረ ሁሉ እርሳስና ወረቀት ይዞ ይምጣ። እያንዳንዱ ሰው አሥር አሥር ስም ገልብጦ ቤቱ ይውሰድ፤ ከዚያ በኋላ የትኛውም ጆንያ አይበቃውም። የምትመጡ ስማችሁን ከዚህ ደብዳቤ ግርጌ ጻፉ። እርስዎም ጓድ ሊቀመንበር፣ ፈቃድዎን ወይም ክልከላዎን እዚሁ ግድግዳ ላይ፣ በፊርማዎ ይመልሱልኝ።

ለንብረቴ ያደረጉለትን ጥበቃ ሳስብ፣ ለእኔ ለራሴ እንዲህ ያለ ጥበቃ እንዳይታዘዝልኝ ከወዲሁ እየለመንኩ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ኑርሀያት ዘይኑልአቢዲን
ገና ሥራ ያልተመደበች የስታቲስቲክስ ምሩቅ

ማስታወሻ፦ የኪነት ቡድኑ ሥራ እንዳይስተጓጎል ከደሴ ያስመጣኋቸውን ሁለት አዳዲስ ካሴቶች ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለጓድ ጸሐፊ አስረክቤአለሁ። ጥርሳቸው አልተሰበረም፣ ፕላስተር አያስፈልጋቸውም። ልጆቹ እንደ ልባቸው ይዝፈኑባቸው፤ የማንም ልጅ የለባቸውም።