በዛፍሽ ውስጥ ስለተሰማው ድምፅ

ይድረስ ለተከበርሽው ታላቅ እህቴ ለእትዬ መብሩካ፤

በታላቅ ሐዘን የማስታውቅሽ ከባድ ነገር ስላለ ቆመሽ እንደሆነ ተቀመጪ፤ ተቀምጠሽም እንደሆነ ወንበሩን ያዝ አድርጊ። ከቤተሰባችን አንዷ፣ ካንቺ ጋር በአንድ ቀን እዚህ ግቢ የገባችው፣ ሞት ተፈርዶባት ነበር። ማን እንደሆነች ከሰላምታ በኋላ እነግርሻለሁ። ያለ ሰላምታ ወሬ መጀመር ነውር ነው ብለሽ በጥፊ ያስተማርሽኝ አንቺው ነሽ።

እንግዲህ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? የጀርመን ብርድ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ካልሲ ደርበሽ ትተኛለሽ? የባለቤትሽ የኑሪ ወገብ ተሻለው? ትንሿ ታስኒም ጥርስ አበቀለች ወይስ እንደ አጎቷ ምላስ ብቻ ነው ያወጣችው? የምታስታምሚያቸው ሽማግሌዎችስ መርፌሽን ለመዱት? እኛ ለአላህ ምስጋና ይግባውና ደህና ነን። የእማማ ስኳር ወርዷል። የአባባ ጉልበት እንደ ድሮው ዝናብ ሳይመጣ ዝናብ መጣ ይላል። እኔም ደህና ነኝ፤ ባልጠየቅሽኝም።

ከረመዳን ማግስት ጀምሮ ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች አሮጌው ትምህርት ቤት ውስጥ ሰፍረዋል። እኔን ከስምንተኛ ክፍል የሸኘኝ ቤት ዛሬ ሊቃውንት ያስተናግዳል። አንዱ የመስኖ ውሃችን ውስጥ ያለውን ጨው ይለካል። አንዱ ከደረቀ የቴምር ዝንጣፊ የቤት ግድግዳ እሠራለሁ ይላል። ሌላው የፀሐይን ሙቀት በመስታወት ሳጥን አጥምዶ ቴምር ያደርቃል፤ ጎረቤታችን አጎት ለዝሃር ይህን አይተው "እኛ ጣሪያ ላይ ስናሰጣ ፀሐይዋ ሌላ ነበረች እንዴ?" አሉት።

የኔ አለቃ ኢንሳፍ ትባላለች፣ የስፋቅስ ከተማ ልጅ ናት። ትምህርቷን ገና ባትጨርስም መንደሩ "ዶክተር" ብሎ ሾሟታል። አክስታችን ሞንጂያ ጉልበታቸውን ይዘው ሄዱባት። "እናቴ፣ እኔ የዛፍ ነኝ" ብትላቸው "የኔስ ጉልበት መች ከእንጨት ተለየ?" አሏት።

ሥራዋ የቴምር ዛፍ ማዳመጥ ነው። አትሳቂ። ግንድ ከውስጥ የሚበላ ቀይ ጢንዚዛ አለ። ትሉ ሲያላምጥ ከውጭ ምንም አይታይም፤ ዛፉ አረንጓዴ እንደሆነ ይወድቃል። ወደ እኛ መንደሮች እስካሁን አልደረሰም፣ ግን ይፈራል። ስለዚህ ግንዱ ላይ ቀጭን ሚስማር ይተከላል፣ ከሚስማሩ ሽቦ ይወርዳል፣ ሽቦው መጨረሻ ላይ ያለችው ሳጥን ቀኑን ሙሉ ታዳምጣለች። ኢንሳፍ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ሰክታ ትሰማለች። ወጥቼ ሚስማሩን የምተክለው እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ሽቦውን በጥፍሬ ጫር ጫር ባደርገው "ተገኘ!" ብላ ዘላ ተነሳች። ያኔ አንድ ሳምንት ሳቅሁ። ኋላ ግን ያች ሳቅ አስከፈለችኝ።

ባለፈው እሑድ ተራው ያንቺ ዛፍ ሆነ። አዎ፣ ሞት የተፈረደባት እሷ ናት። አባባ በተወለድሽ ቀን የተከሏት፣ ከሄድሽ ወዲህ ሌላ ሰው ሳያስነኩ በዚያ ጉልበታቸው ራሳቸው ወጥተው የሚያዳቅሏት፣ በየመከሩ ቴምሯን የሚልኩልሽ። ሚስማሩን ከአናቷ ዝቅ ብዬ ተከልኩ። ማክሰኞ ኢንሳፍ ፊቷ አመድ መስሎ መጣች።

"ትል ነው" አለች። "ጠዋት ዝም ይላል፣ ፀሐይ ስትበረታ ይነሳል፣ ቀትር ላይ ድግስ ነው።"

ዛፏ ላይ ቀይ ጨርቅ ታሰረ። ሐሙስ ትቆረጥ፣ ትቃጠል፤ አለዚያ መንደሩን ሁሉ ታዳርሳለች ተባለ። አባባ ሄደው ከሥሯ ተቀመጡ። ሲነሱ ግንዷን መታ መታ አድርገው "ለመብሩካ እንዳትጽፉላት። አገሬ የቀረ ዛፍ አለኝ ብላ ነው የምታድረው" አሉን። እትዬ፣ እኔ እንኳ የምቀልደው አጣሁ።

ረቡዕ ቀትር ላይ ልሰናበታት ብዬ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ስንብት ብቻ አልነበረም። በዝንጣፊዎቿ ጉያ አንድ ማሰሮ ላግሚ ደብቄ ነበር። መቼም አልረሳሽውም፤ የቴምር ግንድ ጭማቂው እንደተቀዳ ጠዋት የሕፃን መጠጥ ነው፣ ፀሐይ ሲነካው ግን ሽማግሌ ያስጨፍራል። አምና ጠጥቼ የአጎት ለዝሃርን አህያ ሰርግ ቤት ካስገባሁ ወዲህ ዳግመኛ አልቀምስም ብዬ አባባ ፊት ምያለሁ። የማዳቀያው ወቅት ስላለፈ እስከ መከር ማንም ያንቺ ዛፍ ላይ አይወጣም ብዬ ነው እሑድ ዕለት፣ ሚስማሩን ስተክል፣ እዚያው የሸጎጥኩት።

ማሰሮው አረፋ ደፍቆ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ሆዱ ግንዱን ተደግፏል። ከሱ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ የኢንሳፍ ሚስማር። ጠዋት የሚተኛ፣ ቀትር ላይ የሚደግስ ትል!

ዝም ብል ዛፍሽ ትቃጠላለች። ብናገር መሐላዬ አደባባይ ይወጣል፣ ሥራዬም ይሄዳል። ወረድኩና "ትሉ የኔ ነው" አልኳት ኢንሳፍን።

"ቢሽር፣ ዛሬ እንኳ ተወኝ" አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

አባባ ደግሞ "ልጄ፣ በእህትህ ዛፍ ይቀለዳል?" አሉኝ። ሲዋሽ የኖረ አፍ እውነት ሲናገር ምስክር ያጣል።

ተመልሼ ወጣሁና ማሰሮውን አንገቴ ላይ አስሬ አወረድኩት። ማንንም ሳልጠይቅ ከኢንሳፍ ዕቃ ሌላ ሚስማርና ሳጥን አንስቼ የአጎት ለዝሃር ዛፍ ላይ ወጣሁ፤ ማሰሮውንም ሚስማሩንም እዚያ አደረግሁ። ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ ትሉ የአጎት ለዝሃር ዛፍ ላይ ምሳ ጀመረ። ያንቺ ዛፍ ጭጭ።

"ደህናውን ዛፌን አሳመማችሁብኝ!" ብለው አጎት ለዝሃር ከዘራቸውን አነሱ።

ኢንሳፍ ማዳመጫውን እንደሰካች መሬት ላይ ቁጭ ብላ እስክታነባ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጠችና "ሳጥኔ አረፋንና ጥርስን አትለይም ማለት ነው። ይህን ሳላውቅ ስንት ጤነኛ ዛፍ ባቃጠልኩ ነበር!" አለች። ቀዩን ጨርቅ ራሷ ፈትታ ለአባባ ሰጠቻቸው። አባባ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱትና ወደ ማሰሮው ጎንበስ ብለው አሸተቱ።

"ስንት ቀን ሆነው?"

"ሦስት፣ አባባ።"

"ሦስት ቀን በዚህ ፀሐይ? ሆምጣጤ አደረግኸው እኮ! ጥላ ውስጥ፣ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነው የሚቀመጠው።" ይህን ብለው ራሳቸውን ሰሙና ሳል ጀመራቸው። እንዴት አወቁ ብዬ አልጠየቅሁም። እሳቸውም ስለ መሐላዬ አልጠየቁኝም።

ሥራዬም አልሄደ፤ እንዲያውም ተሾምኩ። አሁን የሳጥኗ አስተማሪ ነኝ። ፍየል ግንድ ስትታከክ፣ ጉንዳን ሲተራመስ፣ ደረቅ ዝንጣፊ ሲንቋቋ ድምፁን እቀዳና ስሙን እጽፍበታለሁ። ለጥናቱ ሲባል ላግሚ በይፋ እንዲፈላ ተፈቅዷል፤ ለሳይንስ የማልከፍለው መሥዋዕት የለም። ኢንሳፍ እያዘጋጀችው ባለው ጽሑፍ መጨረሻ ገጽ ላይ፣ ከምስጋናው መካከል፣ ስሜን አሳየችኝ። አባባ ያችን መስመር አራት ጊዜ አስነበቡኝ። ስምንተኛ ክፍል ላይ የጣልኩት ደብተር የት እንደገባ እማማን ጠይቄያለሁ፤ በመስከረም የእርሻ ማሠልጠኛ ፈተና አለ ይላሉ።

ወንበሩን አሁን ልቀቂው። ከባዱ ወሬ ቢገላበጥ ቢገላበጥ አንድ ማሰሮና አንድ ሞኝ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ዛፍሽ አሥራ አንድ ዘለላ ይዛለች፤ ቆጥሬ ነው የወረድኩት።

ለኑሪ እጅ ነሥቼያለሁ፣ ወገቡን ይጠብቅ። ታስኒምን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ፣ አንዱን ለእማማ። እማማ ቅመም ጨረስሽ ወይ ትላለች። አክስት ሞንጂያ ዶክተሯ ጉልበታቸውን እንዳላዳመጠች ይከሱልሻል። አጎት ለዝሃር ሰላም ብለውሻል፤ ለኔ ግን አላሉም። አባባን ምን ብዬ ልጻፍላት ብላቸው "ዛፏ ደህና ናት በላት" ብለው ዞር አሉ።

አክባሪ ወንድምሽ
ትሉ ቢሽር

ዓይን ሳልማ፣ ቶዘር አጠገብ
ሜይ 18 ቀን 2024