በሰብሳቢያችን ቁመት ስለተመረጠው ድንኳን

ለተከበሩት ለጋሽ ልዑልሰገድ፣
በአቡ ዳቢ የኢትዮጵያውያን ወንጌላውያን ብስክሌተኞች ኅብረት የጉዞ ዕቃ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለወገብዎ፣ በተለይም እንደ ልብዎ ተዘርግተው ለሚተኙበት አልጋዎ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ሁለቱም እግሮቼ አሉ። እግሮቼን ለይቼ የጠቀስኩበትን ምክንያት፣ ሥራ ካልበዛብዎት፣ ከታች ያገኙታል።

በቅርቡ ለተቀላቀላችሁን አባላት፦ እንየው እባላለሁ፤ አል ዛሂያ ውስጥ ባለ አንድ ክሊኒክ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ፤ ቁመቴ አንድ ሜትር ከዘጠና ስድስት ነው። ይህን ደብዳቤ በኅብረታችን የስልክ ቡድን ላይ ሁሉም እንዲያነበው የለጠፍኩት ጋሽ ልዑልሰገድን ለማዋረድ ብዬ አይደለም። ለብቻቸው አግኝቼ ልነግራቸው ሁለት ጊዜ ሄጄ፣ ሁለቱንም ጊዜ አመስግኜያቸው ስለተመለስኩ ነው።

እንደሚታወቀው ኅብረታችን በቀዝቃዛዎቹ ወራት በየወሩ አንድ አባል ለብቻው በብስክሌት ከአቡ ዳቢ ወደ አል ዓይን ለጥሞና ይልካል፤ ተጓዡም መንገድ ላይ አንድ ሌሊት በረሃ ውስጥ ያድራል፤ የሚያድረውም እርስዎ በመረጡት የኅብረቱ ድንኳን ነው። ያለፈው ወር ተራ የእኔ ነበር። የፊታችን ዓርብ የወንድወሰን ነው። ወንድወሰን አል ኻሊዲያ በሚገኝ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነው፤ ከአገር ቤት ከመጣ ገና አምስት ወሩ ነው፤ ቁመቱ ሁለት ሜትር ከአንድ ሳንቲም ነው። የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ አንድ ብቻ ነው፤ ወንድወሰን በዚያ ድንኳን እንዳይተኛ። ሆኖም ሳያመሰግኑ ወደ ልመና መግባት ነውር ስለሆነ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አስቀድማለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ልኬቱ አመሰግናለሁ። ድንኳኑ በተመረጠበት ዕለት በአዳራሹ ምንጣፍ ላይ ጫማዎን አውልቀው፣ ገብተው፣ ተጋድመው፣ ከውስጥ ሆነው «ኧረ ይሄ ቤተሰብ ያስተኛል!» ሲሉን ሁላችንም አጨብጭበናል። ቁመትዎ አንድ ሜትር ከስድሳ ሁለት መሆኑን በዚያች ሰዓት ያነሳ ደፋር አልነበረም። ካርቶኑ ላይ ሁለት ሜትር ከአሥር ተብሎ የተጻፈው የወለሉ ርዝመት ነው፤ ራስጌና ግርጌው ግን ከወለሉ ጀምሮ ወደ ውስጥ እየተዳፋ ስለሚሄድ፣ እንደ እኔ ያለ ሰው ሲተኛ ጨርቁ በአንድ በኩል አፍንጫው ላይ፣ በሌላው በኩል የእግር ጣቶቹ ላይ ያርፋል። ጠዋት ላይ ያ ጨርቅ በጤዛ ይርሳል፤ የመኝታ ከረጢቱም አብሮ ይርሳል። ሰው ጉልበቱን አጥፎ ለስምንት ሰዓት ሲተኛ ምን እንደሚሆን በሙያዬ በሰፊው ላስረዳዎት እችል ነበር፤ ነገር ግን የርስዎ ጉልበት ይህን ማወቅ አያስፈልገውም።

ሁለተኛ፣ ስለ ክብደቱ አመሰግናለሁ። ድንኳኑን በሻይ ክፍሉ የኩሽና ሚዛን ላይ አስቀምጠው ስምንት መቶ አምሳ ግራም መሆኑን ሲያበስሩን የተሰማን ደስታ ልክ አልነበረውም። በራሱ የሚቆመውን ሌላውን ድንኳን የጣሉት በአራት መቶ ግራም ስለሚበልጥ ነው፤ ይኸውም የሁለት ትልልቅ ብርቱካን ክብደት ነው። የመረጡልን በራሱ አይቆምም፤ ካስማ ይፈልጋል። አዳራሹ ምንጣፍ ስለሆነ ካስማ መትከል አልተቻለም ነበርና አራት ወንድሞች አራቱን ማዕዘን በእጃቸው ወጥረው እንደያዙ ነበር እርስዎ የተጋደሙት። እኔ መንገድ ላይ ካለችው ከአል ኸዝና ትንሽ አለፍ ብዬ ከመንገድ ገባ ባለ የአሸዋ ጉብታ ሥር ስደርስ አራቱ ወንድሞች በቦታው አልነበሩም። ካስማው በአንድ ጣት ይነቀል ነበር። አንዱን ጎን ከተጋደመው ብስክሌቴ ጋር አሰርኩ፤ ሌላውን የውሃ ከረጢት ቀብሬ ያዝኩ።

ሦስተኛ፣ ስለ ቀለሙ። የአሸዋ ቀለም የመረጡት ከፍጥረት ጋር እንዲስማማ ብለው እንደሆነ ነግረውናል። በትክክል ተስማምቷል። ብርሃን ሲያርፍበት የሚያበራውን ገመድም በቀጭን ተራ ገመድ ስለቀየሩልን ሠላሳ ግራም ተርፎናል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን።

አሁን ወደ እግሮቼ ልመለስ። መተጣጠፉ ሲበቃኝ የድንኳኑን በር ከፍቼ ከጉልበቴ በታች ያለውን ወደ ውጭ ዘርግቼ ተኛሁ። ጎሕ ሲቀድ የሞተር ድምፅ ቀሰቀሰኝ። በዚያ ወቅት በዚያ መንገድ የሚወርደውን ጭጋግ ያውቁታል፤ እጄን ዘርግቼ ጣቶቼን መቁጠር አልቻልኩም። ድምፁ ከየት እንደሚመጣ አልለየሁም፤ ከዚያ በሁሉም በኩል የመጣ መሰለኝ፤ ከዚያ አሸዋው ከጀርባዬ ሥር ተንቀጠቀጠ። ልጮህ አፌን ስከፍት እርጥቡ ጨርቅ ፊቴ ላይ ነበር። ድምፁ አለፈ። አልቆመም፤ አልቀነሰምም፤ ሾፌሩ እስከ ዛሬ ድረስ እዚያ ሰው እንደነበረ አያውቅም። ተነስቼ ሳይ የጎማው ዱካ ከግራ ተረከዜ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ነው። በስንዝሬ ለካሁት፤ ሦስት ጊዜ ለካሁት። ከውሃ ከረጢቱ ጋር የታሰረው ገመድ ተበጥሷል። ፈራሁ፤ ዛሬም እፈራለሁ፤ ክሊኒክ ውስጥ የታካሚ እግር ይዤ እንኳን አንዳንድ ጊዜ ያ ድምፅ ይመጣብኛል።

አል ዓይን ስደርስ አክስቴ አማረች፣ አል ቶዋያ ውስጥ በአንድ ቪላ ልጆች የምታሳድገው፣ ሕፃኑን እንደታቀፈች በር ላይ ወጣች። ማዳም ስትጠራት እየሰማች እንኳ ነገሩን ሳልጨርስ አልለቀቀችኝም። ለጋሽ ልዑልሰገድ ንገራቸው ስትለኝ ይከፋቸዋል አልኳት። «ኸላስ፣ በቃ! እሳቸው እንዳይከፋቸው ብለህ ትሞታለህ ማለት ነው?» አለችኝና ልጁን ይዛ ገባች።

አራተኛው ምስጋና የእኔው ጥፋት ነው። በአዳራሹ ከርስዎ ቀጥሎ የተጋደምኩት እኔ ነበርኩ። ጉልበቴን በጎን አጥፌ፣ አንገቴን ሰብሬ፣ «ይበቃኛል፣ እንዲያውም ይተርፈኛል» ያልኩት እኔ ነኝ። ምን ልበል? ኮሚቴው ሦስት ሳምንት ደክሟል፤ እርስዎ በአባቴ ዕድሜ ነዎት፤ እኅቶች ቆመው ያያሉ። እንደተናገርኩም ወዲያው ተጸለየበት። በእኛ ዘንድ ከተጸለየበት በኋላ ጠበበኝ ማለት ድንኳኑን ሳይሆን ጸሎቱን መንቀፍ ይመስላል። ከጉዞው ስመለስ ደግሞ በጉባኤው ፊት «ድንኳኑ እንዴት ነበር?» ብለው ሲጠይቁኝ ቆሜ «ግሩም ነበር» አልኩ። እርስዎም ቃሌን አላባከኑትም። በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «በረጅሙ ወንድማችን በእንየው ተፈትኖ የጸደቀ» የሚል ወረቀት ለጥፈዋል። ወንድወሰን ያንን አንብቦ፣ እሱም ባለፈው እሑድ ምንጣፉ ላይ ተጋድሞ፣ እግሩ በበሩ ወጥቶ እያየነው፣ «በጣም በቂ ነው ጋሼ» ብሏል። እርስዎ ትከሻውን መታ መታ አድርገዋል። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ፤ ዝም አልኩ። በሕይወቴ ካፈርኩባቸው ቀኖች ሁሉ የባሰው ያ ነው።

ስለዚህ ክቡርነትዎን በትሕትና እለምናለሁ። የምስክርነት ቃሌን በዚህ ደብዳቤ ስቤያለሁ፤ ወረቀቱን ከሰሌዳው ያውርዱልኝ። ረጅም ሰው ለብቻው ወደ በረሃ የሚወጣ ከሆነ ውስጡ ሁለት ሜትር ከሠላሳ የሚሞላ፣ ራስጌና ግርጌው ቀጥ ያለ፣ ያለ ካስማ በራሱ የሚቆም፣ ዘንጎቹ ተጣጥፈው በብስክሌቱ መሪ ላይ የሚታሰሩ፣ ቀለሙ ከሩቅ የሚጮህ ድንኳን ያስፈልገዋል። ሁለቱን ብርቱካን እኛ እንሸከማለን። እንዲህ ያለው እስኪገኝ የዓርቡ ጉዞ ይቅር። ይህ ካልሆነና ምርጫው የግድ መጽናት ካለበት፣ ከወንድወሰን በፊት እርስዎ ራስዎ አንድ ሌሊት ቢያድሩበት ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ብቻ አረጋግጥልዎታለሁ፤ እግርዎ አይወጣም።

ለአመራርዎ፣ ለሚዛንዎና ለማይናወጠው እርግጠኝነትዎ ጎንበስ ብዬ፣ ጎንበስ ማለቱን ድንኳንዎ አስለምዶኛልና ሳልቸገር፣ እጅ እየነሳሁ፣ 

ታዛዥዎና የቀድሞ ምስክርዎ
እንየው
ረቡዕ ማታ፣ አል ዛሂያ

ማስታወሻ፦ ይህን ትናንት ጽፌ ጨረስኩ፤ እንዳይከፋዎት ብዬ ሳልለጥፈው አደርኩ። ዛሬ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ለወንድወሰን ላነብለት ሆቴሉ ሄድኩ። የሥራ ባልደረባው ሙባረክ፣ የወንድወሰን ፈረቃ ስለተቀየረ ጉዞውን በአንድ ቀን አስቀድሞ ዛሬ ጠዋት መውጣቱን ነገረኝ፤ ድንኳኑ አይጠብህም ወይ ብሎ ሲጠይቀውም «ሽማግሌው መርጠውልኝ እንዴት አልሄድም?» ብሎ መልሶለታል። ለነገ ንጋት የከባድ ጭጋግ ማስጠንቀቂያ ስልኬ ላይ ገብቷል። አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩ፤ በጥሞና ደንባችን ተጓዥ የሚያነሳው የሰብሳቢውን ስልክ ብቻ ስለሆነ አያነሳልኝም። ደንቡን ያወጡት እርስዎ ነዎት። ጋሽ ልዑልሰገድ፣ ይህን እያነበቡ ተቀይመውኝ ከሆነ መቀየሙን ለነገ ያቆዩትና አሁኑኑ ይደውሉለት።