አልጋ ላይ ያልዋለው ሰውዬ

ጥቅምት 4
ባሌ ዛሬም መሰላል ላይ ወጣ። የቀለም ቀቢ ሚስት ሆኜ ኮርኒሴ ስንት ዘመን ጠቁሮ ኖረ። አሁን ሥራ ሲያቆም ትዝ አለው! ውረድ ስለው «የታመመው ፊኛዬ እንጂ እጄ አይደለም» አለኝ። ሳቅኩ። ከዚያ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ካንሰሩ ከሽንት ፊኛው አልፎ ሳንባው ደርሷል ተብለናል... ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይዞ እንዴት ያፏጫል?
ነገ ቀጠሮ አለው። አለቃዬ ፈቃድ ከልክሎኛል፣ እግዜር ይይለት። ታላቅ ወንድሙ፣ ጋሼ፣ ይወስዱታል።

ጥቅምት 5
ከሐኪም ቤት ሲመለሱ ጋሼ በር ላይ ጠቀሱኝ። እሱ እንዳይሰማ።
«በርቺ እንግዲህ፣ እቴ። ሦስት ወር ቢቆይ ነው አለች ዶክተሯ። መድኃኒቱንም አይችለውም፣ ማስታገሻ ብቻ ነው የምንሰጠው አለች። ለሱ ትንፍሽ እንዳትይ።»
አይችለውም? ትናንት ኮርኒስ ሲቀባ የዋለ ሰው?

ጥቅምት 6
ሦስት ወር። ማን ነው ቆጣሪው?

ጥቅምት 9
ሥራዬን ጥዬ ራሴ ሄድኩ። ዶክተሯ ክፉ ሰው አይደለችም። አስረዳችኝ። ግምቱን የምታወጣው በሽታው የት እንደደረሰ፣ ደሙ ምን ያህል እንደወረደ፣ ደግሞ ሰውዬው ቀኑን እንዴት እንደሚውል አይታ ነው።
«አብዛኛውን ቀን ተኝተው ነው የሚውሉት። ደግፈን ነው የምናስነሳቸው ብለው ወንድማቸው ነግረውኛል።»
ደሜ ፈላ። «እሱንስ ጠየቁት?»
«እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ነበር...»
ይደፋል እንጂ! ታላቁ ሲናገር መቼ ትንፍሽ ብሎ ያውቃል? ለካ ጋሼ ወረፋ ለማስቀደም በዊልቸር ነው ያስገቡት። ባሌን! በዊልቸር!
በቀጥታ ወደ ጋሼ ቤት።
«እንዲያዝኑለት ብዬ እኮ ነው። ደህና ነው ካልናቸው ማን ዞር ብሎ ያየዋል?»
«አዘኑለት! መድኃኒት እስኪከለክሉት ድረስ አዘኑለት! አንተ...»
አንተ አልኳቸው። ካገባሁ ጀምሮ እንዲህ ብያቸው አላውቅም። አልጸጸትም።

ጥቅምት 12
ወሰድኩት። ዶክተሯ ኮሪደሩን አስኬደችው። ያለ ድጋፍ ተቀመጠ፣ ተነሣ። ዛሬ የጠየቀችው ራሱን ነው። «ጠዋት መሰላል ላይ ነኝ፣ ከሰዓት በኋላ ይደክመኛል» አላት። አልዋሸም። ደሙንም እንደገና አስመረመረች። ሰኞ መድኃኒቱን ይጀምራል!
እሱ መድኃኒት ቤት ሲሄድ ጠብቄ «አሁንስ ስንት?» አልኳት።
«ከመድኃኒቱ ጋር ወደ አንድ ዓመት ሊጠጋ ይችላል። ግምት ነው፣ ከዚያ ሊያንስም ሊበልጥም ይችላል።»
እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ደረጃው ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። ዓመት? ለአንድ ዓመት ነው እንዲህ የምፈነጥዘው? ተናደድኩ። በማን እንደሆነ እንጃ።

ጥቅምት 13
ጥርሱን እየፋቀ «ስንት አለችሽ?» አለኝ።
«ምኑን?»
«አትቀልጂብኝ።»
አፌ ላይ የመጣው «ትድናለህ አለች» ነበር። ልክ እንደ ጋሼ! ስንት ቀን የተንጨረጨርኩበትን ነገር ራሴ ልሠራው።
«ዓመት ገደማ። ግምት ነው» አልኩት።
ተጉመጠመጠ። ፊቱን በፎጣ አደረቀ፣ አሁንም አደረቀ። «በፊትስ?»
«ሦስት ወር።»
«ሁላችሁም ታውቁ ነበር?»
«አንተስ? በዊልቸር ሲገፉህ አፍ የለህም?»
ጮኸብኝ። ጮህኩበት። ጎረቤት ሳይሰማን አልቀረም። ይስማ።
ሲበርድልን ስልኩን አንስቶ ጋሼ ጋ ደወለ።
«አዎ፣ ነግራኛለች... ዓመት... አይዞዎት ጋሼ፣ አያልቅሱ። ግን ሰኞ አይምጡ። ስለ ራሴ እኔው እናገራለሁ።»