ለአጎቴ የሰጠሁት ባዶ ክኒን

መካነ ሰላም፣ ማክሰኞ የካቲት ፲፱ ቀን ፲፱፻፷፮ ዓ.ም.

አጎቴ ሸህ ይማም ለካንሰሩ ሕመም ሞርፊን ከጀመሩ ወዲህ ሆዳቸው እየደረቀ ተሰቃዩ። እኔ የምሠራበት ጤና ጣቢያ ደጅ በተራበ ሰው ተሞልቶ፣ እሳቸው የቀረበላቸውን መብላት አቃታቸው። ከደሴ የመጣው ሐኪም አዲስ የሆድ ድርቀት መድኃኒት ሊሞክር አስቦ፣ «ለሁሉም በሽተኛ እሰጣለሁ» ስላለኝ አስመዘገብኳቸው። ሆዳቸውን ያለሰልስላቸው የነበረውን ተልባም በእሱ ትእዛዝ አስተውኳቸው። ሦስት ሳምንት ክኒኑን በእጄ አስዋጥኳቸው።

ዛሬ ሙከራው ሲያልቅ ሐኪሙ፣ «ለማወዳደር ግማሾቹ የዋጡት መድኃኒት የሌለበት ባዶ ክኒን ነው፤ አጎትህም ከነሱ ናቸው» አለኝ።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርህ አትሰጣቸውም ነበራ።»

ቤት ገብቼ ለአጎቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። «አንተስ ታውቅ ነበር?» አሉኝ።

«ወላሂ አላውቅም» አልኩ።

«እሺ» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ይመኑኝ አይመኑኝ እንጃ።